የእርጉዝ ሴት የሰውነት መከላከያ ይደክማል? ለኮምቦልቻዋ እህታችን የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ያደግኩት ኩታበር ነው፤ ካገባሁ ወዲህ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው፣ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሰሞኑን ደም ተመርምሬ ‹ነጭ የደም ሴልሽ 12,800 ነው፣ ኢንፌክሽን አለ› ተባልኩና አሞክሳሲሊን ታዘዘልኝ። እኔን ግን ምንም አላመመኝም። አማቴ የባቲ ሰው ናቸው፣ ስድስት ወልደዋል። ‹የእርጉዝ ገላ ስስ ነው፣ መርፌ አይችልም› እያሉ የቴታነሱን ክትባት እንዳልወጋ ይመክሩኛል። እውነት በእርግዝና ጊዜ የሰውነት መከላከያ ይደክማል? ደግሞ አንድ ነገር ይገርመኛል። ልጁ ግማሹ የአባቱ ነው። ከሌላ ሰው የተወሰደ ኩላሊትን እንኳ ሰውነት አልቀበልም ይላል ይባላል። ታዲያ እኔ ልጄን እንዴት ተቀበልኩት?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ደሴ የምሠራ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነኝ። አማትሽ ያሉትን በየቀኑ ከምርመራ አልጋው አጠገብ እሰማዋለሁ። መድኃኒት የሚያዝዙ ባለሙያዎችም ሲሉት እሰማለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ዋናው መልስ ግን አጭር ነው። አይደክምም፤ አሠራሩን ይለውጣል። ድግስ የተጣለበት ቤት አስቢ። የቤቱ ሰው አልቀነሰም። ግን ወትሮ በሩን የሚያየው ዛሬ ድንኳን ይተክላል፣ ከብት የሚያግደው እንጨት ይፈልጣል። ቤቱ ሰው ሞልቶበት ሳለ አንዳንድ ጥግ ከወትሮው ይልቅ ክፍት ይሆናል። በእርግዝና ጊዜም እንዲሁ ነው። አንዱ መከላከያ ይበረታል፣ አንዱ ይለዝባል፣ አንዱ ጭራሽ ሌላ ሥራ ይይዛል። የትኛው ምን እንደሆነ ካወቅሽ ስለ ክትባቱም ስለ አሞክሳሲሊኑም ራስሽ መወሰን ትችያለሽ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ከሱ ነው የሚወጣው።

ይህን ጥያቄ በ1953 እ.ኤ.አ. በግልጽ ያነሳው ፒተር ሜዳዋር የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ነው። ሰውዬው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእሳት የተቃጠሉ ሰዎች ላይ የሌላ ሰው ቆዳ ሲለጠፍ ለምን እንደማይያዝ ያጠና ነበር። የለጋሽ ቆዳ በቀናት ውስጥ ይጠቁርና ይረግፋል። የተቀባዩ መከላከያ ባዕድ መሆኑን ለይቶ ያጠፋዋል። ሜዳዋር ታዲያ እንዲህ ብሎ ጠየቀ፦ ቆዳውን ሁለት ሳምንት የማይታገስ ሰውነት ልጁን ዘጠኝ ወር እንዴት ይሸከማል? ሦስት ግምት አቀረበ። አንደኛ፣ እናትና ልጅ በአካል አይነካኩም ይሆናል። ሁለተኛ፣ ጽንሱ ገና ስላልበሰለ ባዕድነቱ አይታወቅም ይሆናል። ሦስተኛ፣ የእናትየዋ መከላከያ ተኝቶ ይሆናል። ሜዳዋር ሰውነት ባዕድን ነገር መታገስ እንዴት እንደሚማር በሠራው ሥራ ከአውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔት ጋር በ1960 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

የመጀመሪያው ግምት በከፊል ልክ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ አልሆኑም። ግን ሦስተኛው፣ «የእናት መከላከያ ይተኛል» የሚለው፣ በየትምህርት ቤቱና በየሐኪም ቤቱ ለብዙ ዓመት ሲነገር ኖሯል። ዛሬም ድረስ እርጉዝ ሴትን እንደ ደካማ የማየት ልማድ አንዱ ምንጩ ይህ ይመስለኛል።

አሁን ማህፀንሽ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ቀረብ ብለን እንይ። የአንቺ ደምና የልጅሽ ደም በተለመደው ሁኔታ አይቀላቀሉም። በመካከል እንግዴ ልጁ አለ። እንግዴ ልጅ ደግሞ የእናት አካል የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች ናቸው፤ ግን አብዛኛው የተሠራው ከልጁ ሴሎች ነው። እንደ ቅርንጫፍ የበቀሉ ብዙ ቀጫጭን ጣቶች አሉት። የልጁ ደም በጣቶቹ ውስጥ ይዘዋወራል። የአንቺ ደም ደግሞ ከውጭ ያጥባቸዋል። ምግብና ኦክስጅን በዚያ ይተላለፋል። ስለዚህ ከሰውነትሽ ጋር በቀጥታ የሚነካካው እንግዴ ልጁ ነው። ግማሹ የባልሽ የሆነ አካል ሌት ተቀን በደምሽ ይታጠባል፤ ሰውነትሽም አይነካውም።

የማይነካበት አንዱ ምክንያት እንዲህ ነው። ሴሎቻችን በገጻቸው ላይ ኤችኤልኤ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሏቸው። እነዚህ ከሰው ሰው ይለያያሉ። ኩላሊት ከመተከሉ በፊት የሚመሳከሩትም እነሱ ናቸው። በደምሽ የሚታጠበው የእንግዴ ልጁ የላይኛው ሽፋን ግን ኤችኤልኤ የሚባል ነገር ጨርሶ የለውም። ወደ ማህፀን ግድግዳ ጠልቀው የሚገቡት የእንግዴ ልጅ ሴሎች ደግሞ ጥቂቱን ብቻ ይዘዋል። ከነዚህ አንዱ ኤችኤልኤ-ጂ ነው። ይህኛው በሰዎች መካከል ብዙም አይለያይም፤ ሥራውም የእናትየዋን ሴሎች ማረጋጋት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ለኔ ከሁሉም የሚደንቀኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ብታዪው በመከላከያ ሴሎች የተሞላ ነው። ከነሱ ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት «ናቹራል ኪለር» የሚባሉ ናቸው። ስማቸው እንደሚለው በደም ውስጥ ያሉት ዘመዶቻቸው በቫይረስ የተያዘን ሴል ይገድላሉ። ማህፀን ውስጥ ያሉት ግን አይገድሉም። ወደ እንግዴ ልጁ ደም የሚያመጡትን ጠመዝማዛ ቀጫጭን የደም ሥሮች ለማስፋት ያግዛሉ። ከልጁ ሴሎች ጋር እየተነጋገሩ፣ ምን ያህል ጠልቀው መግባት እንዳለባቸው እየመጠኑ። ሥሮቹ ሰፍተው ሲከፈቱ ልጁ የሚበቃው ደም ያገኛል። ካልሰፉ እንግዴ ልጁ ይራባል። እንግዲህ መከላከያሽ ቢተኛ ኖሮ ልጅሽ ባላደገ ነበር።

ሥሮቹ በደንብ ሳይከፈቱ ሲቀሩ ከሚመጡት ችግሮች አንዱ ፕሪኤክላምፕሲያ የምንለው የእርግዝና ደም ግፊት ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ነው የሚታየው። በመጀመሪያ እርግዝና ይበዛል። አንቺ አሁን በዚያ ጊዜ ላይ ነሽ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ክትትል ግፊትሽ ይለካ። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም ወይም የፊት ማበጥ ከመጣ ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሂጂ።

ሦስተኛው ምክንያት ቲ-ሬግ የሚባሉ ሴሎች ናቸው። ሥራቸው ሌሎቹን የመከላከያ ሴሎች «ተው» ማለት ነው። የነሱን ምስጢር የፈቱት ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ እና አሜሪካኖቹ ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል በ2025 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤልን ተሸልመዋል። በእርግዝና ጊዜ የነዚህ ሴሎች ቁጥር ይጨምራል። እነዚህን ሴሎች ያጡ አይጦች ላይ የታየው ነገር ግልጽ ነው። አባትየው ከሌላ ዘር የሆነ ጽንስ ይጨነግፋል። አባትየው ከእናትየዋ ጋር አንድ ዘር ከሆነ ግን ጽንሱ አይጠፋም። ማለትም የቲ-ሬጎቹ ሥራ በትክክል የአባቱን ግማሽ ማስታገስ ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ጥቂት የልጁ ሴሎች እንግዴ ልጁን አልፈው ወደ እናት ደም ይገባሉ። አንዳንዶቹ እዚያው ይቀራሉ። ወንድ ልጅ ከወለደች 27 ዓመት ካለፋት ሴት ደም ውስጥ የወንድ ሴሎች ተገኝተዋል። አማትሽ ዛሬም የባልሽን ሴሎች በደማቸው ይዘው ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ስምምነት የሚፈርስበት አንድ ቦታ አለ። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ ሾተላይ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ደህና ሆኖ ይወለዳል። ሁለተኛው ሲወለድ ወይ በማግስቱ ቢጫ ይሆናል፣ አይጠባም፣ ይሞታል። ሦስተኛው ሆድ ውስጥ እንዳለ ይጠፋል። እናትየዋ ክታብ ታስራለች፣ ጠበል ትሄዳለች፣ ወዳጃ ይደረግላታል፣ ስሟም በመንደሩ ይነሳል። ማንም ቁጭ አድርጎ የደም ዓይነቷን አልጠየቃትም። ልጅ መቅበሩ ሳያንስ ጥፋቱ በሷ ይላከካል። ይህ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ከሾተላይ ውስጥ ትልቁን ክፍል መከላከል ይቻላል።

ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ቀይ የደም ሴል ላይ አርኤች የሚባል ፕሮቲን አለ። ያለው ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ኔጌቲቭ ይባላል። እናት ኔጌቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ከሆኑ ልጁ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በእርግዝናው ወራት ደሞቹ ስለማይቀላቀሉ ብዙ ጊዜ ችግር የለም። በምጥና በወሊድ ጊዜ ግን የልጁ ደም ወደ እናት ይገባል። የእናት መከላከያ ያንን ባዕድ ፕሮቲን ያያል፣ አንቲቦዲ የሚባል ባዕዱን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ይሠራል፣ ያስታውሰዋል። የመጀመሪያው ልጅ ቀድሞ ተወልዷልና አይጎዳም። ቀጣዩ ፖዘቲቭ ልጅ ሲጸነስ አንቲቦዲው እንግዴ ልጁን አልፎ ገብቶ የልጁን ቀይ ደም ያፈርሳል። ደም ማነሱ፣ ቢጫነቱ፣ ሞቱ ከዚያ ነው።

ይህን የሚከላከል መድኃኒት ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አለ። አንቲ-ዲ የሚባል መርፌ ነው። ወደ እናት የገባውን የልጁን ደም መከላከያዋ ሳያየውና ሳይማርበት ያጸዳዋል። በ28ኛው ሳምንት አካባቢ አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ልጁ ተወልዶ ፖዘቲቭ መሆኑ ከታወቀ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ውርጃ ከነበረ፣ ደም ከፈሰሰ፣ ሆድ ላይ ከባድ ምት ከደረሰም ይሰጣል። አንቲቦዲው አንዴ ከተሠራ በኋላ ግን መርፌው አይመልሰውም። ለዚህ ነው ቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልገው። ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ባሰኘሽ ሰዓትም በሁሉም ፋርማሲ አታገኚውም። ኔጌቲቭ የሆነች እናት ካሁኑ ፈልጋ ማዘጋጀት አለባት።

የደም ዓይነት ምርመራው ራሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ባለሙያው ከጣትሽ ደም ወስዶ ስላይድ ላይ ሦስት ቦታ ያንጠባጥባል። በአንዱ ላይ አንቲ-ኤ፣ በአንዱ ላይ አንቲ-ቢ፣ በሦስተኛው ላይ አርኤችን የሚለየውን አንቲ-ዲ ይጨምርና በእንጨት ያማስላል፣ ስላይዱን ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳል። ሦስተኛው ጠብታ አሸዋ መስሎ ከተጓጎለ ፖዘቲቭ ነሽ። እንደነበረ ለስላሳ ሆኖ ከቀረ ኔጌቲቭ። የክትትል ካርድሽን አውጪና የደም ዓይነት በሚለው ቦታ ላይ ምን እንደተጻፈ እዪ። ባዶ ከሆነ ነገውኑ ጠይቂ። ኔጌቲቭ ከሆንሽ ባልሽም ይመርመር። እሱም ኔጌቲቭ ከሆነ ልጁም ኔጌቲቭ ስለሚሆን የምትሰጊበት ነገር የለም።

አሁን ወደ 12,800 ልምጣ። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ነጭ የደም ሴል ከ4,000 እስከ 11,000 ሲሆን ደህና እንላለን። በእርግዝና ጊዜ ግን እስከ 15,000 አካባቢ መድረሱ የተለመደ ነው። በምጥ ላይ 25,000 ሲደርስም እናያለን። የሚጨምሩት በተለይ ኒውትሮፊል የሚባሉት፣ ባክቴሪያን ቀድመው የሚገጥሙት ሴሎች ናቸው። መከላከያሽ አለመዳከሙን ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ ነገር የለም። ችግሩ የላብራቶሪው ወረቀት ላይ የሚታተመው መለኪያ እርጉዝ ላልሆነ ሰው የተሠራ መሆኑ ነው። ማሽኑ «ከፍ ብሏል» ብሎ ምልክት ያደርጋል፣ ያየው ባለሙያ አንቲባዮቲክ ይጽፋል።

ትኩሳት የለሽም፣ ሽንት ሲመጣ አያቃጥልሽም፣ ምንም አላመመሽም ካልሽ በዚያ ቁጥር ብቻ መድኃኒት መዋጥ አያስፈልግሽም። ግን አንድ ነገር አረጋግጪ። ሽንትሽ ተመርምሮ ነበር? በእርግዝና ጊዜ የሽንት ቱቦዎች ስለሚለጠጡ ሽንት ይተኛል፣ ባክቴሪያ ሳይሰማሽ ሊራባ ይችላል። እሱ ከተገኘ ባያምሽም ይታከማል፤ ካልታከመ ወደ ኩላሊት ይወጣል። ስለዚህ ያዘዘልሽን ሰው «በደሙ ቁጥር ነው ወይስ በሽንቱ?» ብለሽ ጠይቂው። አሞክሳሲሊን ለእርጉዝ የሚከለከል አይደለም። ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን ግን የልጁን አጥንትና ጥርስ ስለሚነኩ ከጎረቤትም ከፋርማሲም ቢሰጡሽ አትውሰጂ።

የሚለዝበውስ የትኛው ነው? ቫይረስና በሴል ውስጥ የሚደበቁ ተሕዋስያንን የሚዋጋው የቲ-ሴል ክፍል ነው። ይህን በሽተኞቻችን ላይ እናየዋለን። ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ መከላከያው የገዛ አካሉን ሲያጠቃ የሚመጣው፣ በብዙ እርጉዞች ላይ ጋብ ይላል። አሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች ይህን በ1938 እ.ኤ.አ. ጽፎት ነበር። በኋላ ኮርቲዞን በሚባለው ሆርሞን ላይ በሠራው ሥራ በ1950 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል። ሉፐስ የሚባለው፣ እንዲሁ መከላከያው የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት ሌላ በሽታ ግን ይህን ወግ አይከተልም፤ ሊባባስ ይችላል።

የመለዘቡ ዋጋ በአንዳንድ በሽታዎች ላይ ይታያል። በ1918ም በ2009ም እ.ኤ.አ. የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ እርጉዞች ከሌላው ሰው ይበልጥ ተጎድተዋል። ይህ ሁሉ ግን በመከላከያው ብቻ አይደለም። ማህፀን ወደ ላይ ሲገፋ ሳንባ መጠባበቂያ ያጣል፤ የሳንባ በሽታ ሲመጣ እናት ቶሎ ይደክማታል። ሄፐታይተስ ኢ የሚባለው በተበከለ ውሃ የሚመጣው የጉበት በሽታም በእርግዝና መጨረሻ ወራት በጣም አደገኛ ነው። ውሃሽን አፍልተሽ ጠጪ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት እስክትወልጂ ይቅርብሽ፤ ሊስቴሪያ፣ ቶክሶፕላዝማና ብሩሴላ የሚባሉ ተሕዋስያን በዚያ ይመጣሉና።

ለአንቺ ግን ከሁሉም በላይ የምሰጋው ወባን ነው። ምክንያቱን ጽፈሽልኛል፦ ኩታበር አድገሽ ኮምቦልቻ ገብተሻል። ኩታበር ደጋ ነው። ሰውነትሽ ከወባ ጋር አይተዋወቅም። አማትሽ ባቲ ቆላ ያደጉ ናቸው፤ በልጅነታቸው ተደጋግሞ ይዟቸው ከሆነ ሰውነታቸው የተወሰነ መቋቋም ሠርቶ ይሆናል። እሳቸው የቻሉትን አንቺም ትችይዋለሽ ማለት አይደለም።

ደግሞ የእርጉዝ ወባ የራሱ ባሕርይ አለው። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት የገባበት ቀይ ሴል እንግዴ ልጁ ላይ ብቻ በብዛት በሚገኝ ነገር ላይ የሚጣበቅበት ፕሮቲን ያወጣል። ከዚህ በፊት አርግዛ የማታውቅ ሴት ይህን ፕሮቲን አይታው አታውቅም፤ አንቲቦዲም የላትም። ወባው እንግዴ ልጁ ውስጥ ይከማቻል። ልጁ ኪሎው ይቀንሳል፣ እናት ደሟ ያንሳል፣ ጽንሱ ሊጨነግፍም ይችላል። አንዳንዴ ዋናው ክምችት እዚያ ስለሆነ ከጣት በተወሰደ ደም ላይ ጥቂት ብቻ ይታያል ወይ ጭራሽ አይታይም። ወባ ዓመቱን ሙሉ በሚበዛባቸው አገሮች እናቶች በሁለተኛውና በሦስተኛው እርግዝና ፕሮቲኑን ለይተው መቋቋም ይጀምራሉ። እኛ ጋ ግን ወባ በወቅት እየመጣ የሚሄድ ስለሆነ በዚህ መተማመን አይቻልም፤ አራተኛ ልጇን ያረገዘችም ትጠንቀቅ።

ስለዚህ አጎበር ውስጥ ተኚ፣ በየምሽቱ። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ ባቲ አካባቢ ካለሽ በተለይ። ለሰኞ ገበያ ባቲ ወርደሽ የምታድሪ ከሆነ አጎበርሽን ይዘሽ ሂጂ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ሲመጣ ጤና ጣቢያ ሂጂና በዚያው ቀን ተመርመሪ። «ነጻ ነሽ» ተብለሽ ትኩሳቱ ካልተወሽ ተመልሰሽ አስደግሚ። እርጉዝ መሆንሽንም ንገሪያቸው። ፕሪማኪን የሚባለው የወባ መድኃኒት ለእርጉዝ አይሰጥም፤ ሌሎቹ ግን እንደ ወባው ዓይነት ይሰጣሉ።

አሁን ክትባቱ። አማትሽን አትቀየሚያቸው። እሳቸው ሲወልዱ ክትባት እንደ ልብ አልነበረም፤ ለልጅ ልጃቸው ሰግተው ነው የሚናገሩት። ግን ነገሩ እንዳሰቡት አይደለም። መርፌው ውስጥ ሕይወት ያለው ተሕዋስ የለም። ያለው ጉዳት እንዳያደርስ የተደረገ የቴታነስና የዲፍቴሪያ መርዝ ነው። በሽታ ሊያመጣ አይችልም። እርጉዝ የማይወስደው ሕይወት ያለውን ተሕዋስ የያዘ ክትባት ነው፣ ለምሳሌ የኩፍኝ። ክንድሽን አንድ ሁለት ቀን ሊያምሽ ይችላል፣ በቃ።

አንቲቦዲ የመሥራት አቅምሽም በእርግዝና አልጠፋም። ክትባቱን ስትወጊ ትሠሪያለሽ። ከዚያ የሚሆነውን ስሚ። እንግዴ ልጁ አይጂጂ የሚባለውን አንቲቦዲ ከደምሽ እየለየ ይዞ ወደ ልጁ የሚያሻግር ተቀባይ አለው። ማሻገሩ በአራተኛው ወር አካባቢ በትንሹ ይጀምራል፤ ትልቁ ጭነት የሚሻገረው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። ቀኑን ጨርሶ የተወለደ ልጅ ብዙ ጊዜ ከእናቱ የበለጠ መጠን በደሙ ይዞ ይወለዳል። ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ በበሽታ ቶሎ የሚጎዳበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ ስንቁን ሳይቀበል ወጥቷል። ሾተላይ ላይ ልጁን የጎዳው ያው መንገድ እዚህ ላይ ያድነዋል።

መንጋጋ ቆልፍ፣ ማለትም ቴታነስ፣ አራስ ልጅን እንዴት እንደሚገድል ያየ ሰው ይህን ክትባት አይከለክልም። እትብት በቆሸሸ ምላጭ ይቆረጣል፣ ወይ ቅቤና አዛባ ይደረግበታል። በሳምንቱ ግድም የሚጠባ የነበረ ልጅ አፉ አልከፈት ይላል። ሰው ሲነካው፣ ብርሃን ሲያየው ይገተራል። ኢትዮጵያ ይህን የእናቶችና የአራስ ቴታነስ ማጥፋቷ የተረጋገጠው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያም የሆነው እናቶች ስለተከተቡ ነው። የመጀመሪያሽ ከሆነ አሁን አንድ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ሁለተኛውን ውሰጂ። ሁለተኛው ከመውለጃሽ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መቅደም አለበት። አምስት ወር ላይ ስለሆንሽ ጊዜው ይበቃሻል። ከዚያ በኋላ ሦስተኛው በስድስት ወሩ፣ አራተኛውና አምስተኛው በየዓመቱ ይቀጥላሉ። ካርዱን አትጣይው። አማትሽን ይዘሻቸው ጤና ጣቢያ ብትሄጂ ደግሞ ደስ ይለኛል። ነርሷ ለሁለታችሁም ታስረዳለች፤ አብረው የሄዱ አማት ሲመለሱ ለጎረቤትም ያስረዳሉ።

ስትወልጂ ቀጣዩ ስንቅ እንገሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወርደው ወፈር ያለ ቢጫ ወተት። አይጂኤ በሚባል ሌላ ዓይነት አንቲቦዲ የተሞላ ነው፤ እሱም የልጁን አንጀት ይሸፍናል። እኛ አገር «ሆድ ይነፋል» ተብሎ ታልቦ ሲደፋ፣ በምትኩ ለልጁ ጥሬ ቅቤ ሲዋጥ አያለሁ። አታድርጊው። ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጥባ፣ እስከ ስድስት ወሩም ከጡት ሌላ ውሃም ቢሆን አትስጪው።

ብዙዎቻችን የምንረሳው ደግሞ ከወሊድ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ ልጁን ያያል፣ አራሷን ገንፎ አቅርቦላት ይተዋታል። መከላከያሽ ግን በነዚያ ሳምንታት ወደ ቀድሞ አሠራሩ እየተመለሰ ነው። በእርግዝና ጋብ ያለው ቁርጥማት ተመልሶ ይነሳል። የእንቅርት ዕጢ ሊቆጣ ይችላል፤ ልብሽ ይመታል፣ ትከሺያለሽ፣ ወይም በተቃራኒው ድካምና ብርድ ይጫንሻል። ተደብቆ የቆየ የሳንባ ነቀርሳም የሚገለጠው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ማታ ማታ ካላበሽ፣ እያጠባሽ ነው ከስቼ ነው ብለሽ አትለፊው። ልጅሽን በ45 ቀኑ ለክትባት ይዘሽ መሄድሽ አይቀርም፤ የሱ ካርድ ተሞልቶ ሳታበቂ የራስሽንም ሕመም እዚያው ተናገሪ፣ ሳል ካለሽም አክታሽ ይመርመር።